ቀኝና ግራውን ያገናኝልሽ

ቁጡ ነኝ። ይኼን ቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ተማሪዎቼ ስለሚያውቁት መደበቁም አያዋጣኝም። ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ዲጂታል አርት አስተምራለሁ፤ በኮምፒውተር ሥዕልና ዲዛይን መሥራት ማለት ነው። ለዓመታት ከምንም በላይ ሲያናድደኝ የኖረው የመብራት መጥፋት አይደለም፤ የኮምፒውተሮቹ ማርጀትም አይደለም። «ማሻ አላህ» የምትለው ቃል ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮርሱ ማርክ ከመቶ ይታሰባል። ሰማንያውን የምሰጠው እኔ ነኝ። ሃያውን ተማሪዎቹ እርስ በርስ ይሰጣጣሉ፤ አንዱ ሥራውን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ያወጣል፣ ሌሎቹ ጥሩውንና ጉድለቱን ይናገራሉ፣ ከዚያ በቁራጭ ወረቀት ማርክ ይጽፋሉ። ሲወራ ግሩም አሠራር ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ግን አንዷ ትነሣና «ማሻ አላህ፣ በጣም ያምራል» ብላ ትቀመጣለች። ቀጣዩ ይነሣል፤ «እኔም እሷ ባለችው እስማማለሁ»። ከዚያ ጸጥታ። ወረቀቱ ሲሰበሰብ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ። ስም ሳትጽፉ ስጡ አልኳቸው፤ አሁንም ሃያ። አንዱማ «ሃያ፣ ከተፈቀደ ሃያ አንድ» ብሎ ጻፈልኝ።

«እናንተ ልጆች፣ ዓይን የላችሁም እንዴ?» ብዬ እጮህባቸው ነበር። ዓይንስ አላቸው። የያዛቸው ይሉኝታ ነው። ሰው የለፋበትን ነገር አውጥቶ በቆመበት፣ ፊት ለፊቱ ጉድለቱን መዘርዘር ለእነሱ ነውር ነው። እኔም እዚሁ ከፒያሳ ጀርባ ያደግሁ ስለሆንኩ ይገባኛል። እየገባኝም እናደዳለሁ።

ታዲያ በዚህ ዓመት፣ ገና ሴሚስተሩ ሲጀመር፣ አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ኮምቦልቻ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ሠራተኛ ናት። ፈረቃዋን ጨርሳ፣ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥታ ነው እኛ ዘንድ የምትማረው። በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ እኔ አንቺ እላታለሁ፣ እሷ እርስዎ ትለኛለች። ዓምና ይኼንኑ ኮርስ በአርባ አንድ ማርክ ወድቃ ዘንድሮ እየደገመች ነበር።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። ተቀመጪ ብላት እንቢ አለች። «ዓምና ክፍሉ በሙሉ ማሻ አላህ ብሎ ሃያ ከሃያ ሰጠኝ። እርስዎ ከሰማንያው ሃያ አንድ ሰጡኝ። ሥራዬ ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?»

ሥራዋን ጨርሶ ማስታወስ አልቻልኩም። ዓምና የክፍሉን ሥራ በሙሉ በሁለት ቀን አርሜ፣ ቁጥሩን ዝርዝሩ ላይ ሞልቼ፣ ሰሌዳው ላይ ለጥፌ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። አንዲት ቃል አልጻፍኩም። አላስታውስም ብሎ ማመን ደግሞ ሞት መሰለኝ። «ዘንድሮ ጠንቀቅ ብለሽ ሥሪ» አልኳት፣ የማውቅ መስዬ።

አየችኝና ለምን እንደጨነቃት ነገረችኝ። ፋብሪካው ውስጥ የጨርቅ ዲዛይን የሚሠራበት ክፍል አለ፤ እዚያ አንድ ቦታ ተከፍቷል። አለቃዋ ይኼን ኮርስ ማለፏን የሚያሳይ ወረቀትና ያለፈችበትን ሥራ ካመጣች ቦታው ያንቺ ነው ብሏታል። የሚጠብቃት ግን እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ብቻ ነው።

«ማሽን ላይ ቆሜ ሌላ ሰው የሳለው አበባ በፊቴ ሲያልፍ ነው የኖርኩት» አለችኝ። «አንድ ቀን የእኔ ሲያልፍ ባይ ብዬ ነው። ዘንድሮ ከወደቅሁ አበቃ።»

«አብሽሪ፣ ታልፊያለሽ» አልኳት። ምኑን ይዤ እንደዚያ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም።

የመጨረሻው ማቅረቢያ ቀን ደረሰ። እሷ ናት ቀድማ የወጣችው። ግድግዳው ላይ የወጣው ለቀሚስ ጨርቅ የሚሆን ዲዛይን ነው፤ ቀያይ አበቦች መሀል ላይ ሰብሰብ ብለው፣ ዙሪያቸውን ንጹሕ ባዶ ቦታ ተትቶላቸው። እኔ ጥንቅቅ ያለ ሆኖ ታየኝ። እንደተለመደው አንዷ ተነሣችና «ማሻ አ...» ከማለቷ፣

«ከእንግዲህ ማሻ አላህ የሚል ሰው ከክፍሌ ይወጣል!» ብዬ ጮህኩ።

«አስተግፊሩላህ!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው። መመለሻው ግን ጠፋኝ።

ያዳነኝ ከሁሉም ዝምተኛው ተማሪ ነው። ደጋን ከምትባለው ከተማ የመጣ ነው፤ እዚህ ሆጤ ሰፈር ልብስ እየሰፋ ይማራል። እጁን ሳያወጣ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ቲቸር፣ አይቆጡ» አለ። «እኛ ዘንድ ሰው ፊት ነውሩ አይወራም። ዱዓ ግን ይደረጋል።»

«እንግዲያው ዱዓ አድርግላታ!» አልኩት፣ እያላገጥኩ።

እሱ ግን የምሩን ነበር። ሁለት መዳፉን ዘረጋ፣ ግድግዳውን አንዴ አየት አደረገና «አላህ ቀኝና ግራውን ያገናኝልሽ» አለ።

«አሚን!» አለ ግማሹ ክፍል። «አሜን!» አለ ግማሹ።

«አበቦቹን ከሳጥን ያውጣልሽ።»

«አሚን!»

ሳቅ ተነሣ፣ ሳቁም ይሉኝታውን ይዞት ሄደ። አንዷ «ቀዩን ትንሽ ያብርድልሽ» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ የተነሣች ሌላዋ ደግሞ «እመብርሃን ከቢጫው ትቀንስልሽ» አለች። አንዱ ለቅጠሎቹ፣ አንዱ ለመስመሮቹ ውፍረት መረቀ። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። በዓመታት ያልሰማሁትን አስተያየት በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ሰማሁ፤ ወላሂ፣ እኔ ክርስቲያኗ እንኳ በወላሂ ነው የምምለው።

ልብስ ሰፊውን «ቀኝና ግራውን ያገናኝልሽ ያልከው ምን ማለትህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ይኼ ጨርቅ ላይ ሲታተም አንዱ ካንዱ ጎን እየተደገመ ነው የሚሄደው» አለ። «አበባው ሁሉ መሀል ተሰብስቦ ዳር ዳሩ ባዶ ነው። ቀሚስ ብሰፋበት መስኮት መስኮት ነው የሚመስለው፣ ቲቸር።»

እሷ አሚን አላለችም ነበር። ፕሮጀክተሩ አጠገብ እንደቆመች ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ዓምና እኮ ተገናኝቶ ነበር» አለች።

ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣችና የዓምናውን ሥራዋን ከፈተችው። አንድ ትልቅ አበባ በቀኝ በኩል ግማሹ ተቆርጧል። አንድ ቅጠል ላይኛው ጠርዝ ላይ ተበጥሷል። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። «አበባ እንኳ ወረቀቱ ውስጥ ማስገባት ያቃታት!» ብዬ ሃያ አንድ ያልኩበት ሥራ እሱ ነው። እኔ የተማርኩት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ነው፤ በእሱ ደግሞ ጠርዝ ላይ የተቆረጠ ነገር ስህተት ነው።

እሷ ምስሉን አራት ቅጂ አደረገችና ጎን ለጎን፣ ከላይና ከታች ገጠመችው። በቀኝ የተቆረጠው አበባ በግራ የቀረውን ግማሹን አገኘ። ላይ የተበጠሰው ቅጠል ከታች ቀጠለ። አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር መለየት አቃተኝ። አበባው ግድግዳውን ሞልቶ ዝም ብሎ ይሄዳል። ልብስ ሰፊው ለራሱ ያህል «ማሻ አላህ» አለ። ማንንም ማስወጣት አልቻልኩም።

አፌ መቼም አያርፍም፤ «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«መቼ ጠየቁኝ?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የለጠፉት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ምን እንደሚል ስላላወቅሁ ቤቴ ቁጭ ብዬ ገመትኩ። ምናልባት መቆረጡን ጠልተውት ይሆናል ብዬ ዘንድሮ ሁሉንም ወደ መሀል ሰበሰብኳቸው።»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የምታውቀውን ነገር ያስጣላት የእኔ ቁጥር ነው። ከወላጆቿ ቤት ጀምሮ ማንም ያላስተማራትን፣ ማሽን ላይ ቆማ በዓይኗ የለቀመችውን ዕውቀት፣ እኔ በሃያ አንድ አጠፋሁባት።

ከክፍል በኋላ ጠራኋትና «አፉ በይኝ» አልኳት። «ለዘንድሮው ሥራሽ ማለፊያ እሰጥሻለሁ።» እውነቱን ልናገርና፣ ነገሩ በዚሁ ቢያልቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«አይሆንም፣ ቲቸር» አለች። «ይኼን ይዤ ዲዛይን ክፍል ብገባ ይስቁብኛል። ይኼ ማለፍ አይገባውም። የዓምናውን ይዩልኝ።»

ልክ ናት። ግን የኮሌጁ ደንብ ከማቅረቢያው ቀን በኋላ ሌላ ሥራ አይቀበልም፤ ዓምና የታረመ ሥራም ዘንድሮ ተመልሶ አይቀርብም። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ የዓምናውን ማርክ ማስለወጥ። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሬጅስትራር ሄድኩ። ሠራተኛው ፎርሙን ሰጠኝና ምክንያት የምትለዋ ቦታ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አቆምኩ።

«የድምር ስህተት በዪ፣ እህቴ» አለኝ በቅንነት። «ዛሬውኑ ያልቅልሻል። ሌላ ነገር ከጻፍሽ ኮሚቴ ፊት ትቀርቢያለሽ።»

ልቤ ወደ ድምር ስህተት አዘነበለ፤ አልዋሽም። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ባልደረቦቼ ፊት ቁጭ ብዬ ስጠየቅ ታየኝ። ግን የድምር ስህተት ብል ወረቀቱ ስለ ሥራዋ አሁንም ምንም አይናገርም። «መምህሯ ሥራውን ስላልተረዳችው» ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው ሁለቴ አነበበው፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ የዲፓርትመንት ኃላፊያችንም አለበት። ፒያሳ ያለ ማተሚያ ቤት ሄጄ ዲዛይኑን በብዙ ወረቀት አሳትሜው ነበርና ጠረጴዛቸው ላይ እየገጣጠምኩ ዘረጋሁት። አበባው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ።

«አንቺ፣ ዓምና ምን ነክቶሽ ነው?» አለ ኃላፊያችን።

«አላወቅሁም ነበር» አልኩ። በሥራ ዘመኔ ያን ቃል እዚያ ግቢ ውስጥ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሰማይ አልተደፋብኝም። ይልቁንም ጠጋ ብለው እንዴት እንደሚገጥም ይጠይቁኝ ጀመር፤ እኔም እሷ ያስተማረችኝን ነገርኳቸው። አፌ ከተከፈተ አይቀር ሌላውንም ጨመርኩ። ከእንግዲህ ያለ ምክንያት ቁጥር አልለጥፍም። ሃያውም ማርክ በዱዓ ይሆናል፤ ዱዓው ግን ሥራው ላይ አንድ ቦታ ካልጠቆመ አይታሰብም፤ ዝም ብሎ «አላህ ይርዳሽ» ያለ ተማሪ ዜሮ ነው።

«ይኼ ኮሌጅ ነው ወይስ ዱዓ የሚደረግበት ሐድራ?» አለ ኃላፊያችን። እየሳቀ ነው ግን። ሰነዱ ላይ «ገንቢ አስተያየት» ብለን አስገባነው። ክፍል ውስጥ እኛ ዱዓ ነው የምንለው።

አዲሱ ማርክ ሰማንያ አራት ሆነ። ወረቀቱን ለአለቃዋ ያስረከበችው ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ዛሬ ዲዛይን ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ከዚያ ሁሉ የማልረሳው ግን ኮሚቴው የወሰነ ዕለት የደወልኩላት ነው። ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር። እሷ ማሽኖቹ መሀል ናት፤ ስልኩን ስታነሣው ጩኸቱ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ደረሰ።

«አልፈሻል!» አልኩ።

«አልሰማም!»

«አልፈሻል! ሰማንያ አራት!»

ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር። እሷ ግን «ምክንያቱንስ ጻፉት?» አለችኝ።

«አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌዋለሁ።»

«ያንብቡልኝ።»

«እዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ?»

«ጥግ ይዣለሁ፣ ያንብቡልኝ።»

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። እንድትሰማኝ ድምፄን ከፍ ስላደረግሁ ተማሪዎች ቆም እያሉ ያዩኛል። ቀለሙ መብዛቱንና ቀንበጦቹ መክበዳቸውን አልዘለልኩላትም። አበባው በቀኝ ወጥቶ በግራ እንዴት እንደሚመለስ፣ ከላይ የተቆረጠው ቅጠል ከታች ሲቀጥል ዓይን እንዴት ሳያርፍ አብሮት እንደሚሄድ አነበብኩላት። እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ በፊት አርሜ እንደማላውቅም ጽፌ ነበርና እሱንም አነበብኩት። ስጨርስ ከማሽኑ ጩኸት በቀር ምንም አይሰማም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ቲቸር፣ ስለ ቅጠሏ ያሉትን እስኪ አንዴ ይድገሙልኝ።»

ደገምኩላት።