በመቀነት የተለካ ጎማ

የመኪናው ጎማ ሲመረጥ ሾፌሩ ተጠየቀ። ጎማ ሻጩ ተጠየቀ። ጋራዥ በር ላይ ቆሞ የሚውለው ሁሉ ሳይጠየቅ ተናገረ። እህቴ ግን አልተጠየቀችም፤ በዚያ ጎማ ምክንያት መንገድ ላይ ቆማ የቀረችው ደግሞ እሷ ናት። ተጽፎ እንዲቀመጥ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ትንሽ ነገር ነው የሚለኝ ሰው ጉልበቱ ገና ያልደከመ ሰው ነው።

ሾፌሩ ልጄ ነው። እንግዲህ የምከስሰው ባዕድ አይደለም።

እኔ የምኖረው ጎንደር አጠገብ ፀዳ፣ ልጄ ቤት ነው። ታላቅ እህቴ ከዳባት ወዲያ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ሽቅብ በሚወጡበት ደጋ፣ በተወለድንበት መንደር ቀርታለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ቆብ ስለጫነች ሁሉም እማሆይ ነው የሚላት። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸው ነበር። አንደኛው ጎንደር ላይ ተገፈፈላት፤ ለሁለተኛው ቀጠሮ ተሰጣት። ወደዚያ መንደር የሚወጣው መኪና የልጄ ፒካፕ ብቻ ነው። ሲወጣ ጨውና ሳሙና፣ ሲወርድ ድንችና ገብስ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ሰው ይጭናል።

መኪናውን ከፍ ማድረጉን አልቃወምም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ይወስድና ድንጋዩን ይተወዋል፤ የመኪናው ሆድ ድንጋዩን እየላሰ ነበር የሚሄደው። አንድ ቀን ከሥሩ ተቀዶ ዘይቱ ፈሶ አልቆ፣ ዝናብ ላይ ቁጭ ብለን ውለናል። ስለዚህ ባሌስትራ፣ መኪናውን የሚሸከመውን ተደራራቢ ብረት፣ አስጨምሮ አስነሳው። እስከዚህ ድረስ ሸጋ ነበር።

ከዚያ የጎማው ነገር መጣ። ጋራዥ ያሉት ሰዎች፣ «መኪናው ከፍ ብሎ ጎማው ትንሽ ሲሆን፣ አጭር ሱሪ የለበሰ ረጅም ሰው ይመስላል» አሉት። ልጄ ሰው እንዳይስቅበት ይፈራል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። ከነበረው ጎማ በአንድ ደረጃ ሳይሆን በሁለት ደረጃ የሚበልጥ አስገጠመ።

ያ ጎማ ግቢያችን የገባ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ጥርሱ ጠልቆ የተቆረጠ ነው፤ አስፋልት ላይ ሲሄድ ከሩቅ እንደሚሰማ የንብ መንጋ ያዜማል። ልጄ የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ አስቀመጠልኝና በእሱ ላይ ተረማምጄ ጋቢና ገባሁ። በአዘዞ መንገድ ስንሄድ ከአጥሮቹ በላይ ነበርኩ። ሰው ግቢው ያሰጣው በርበሬ፣ ገመድ ላይ የተሰቀለ ልብስ፣ ቆርቆሮ ላይ የተኛች ድመት፣ ሁሉም ከሥሬ ቀስ እያለ ያልፋል። መሬት የማልነካ መሰለኝ። ልጅ ሳለሁ በሕልሜ እንዲህ እበር ነበር፤ ከጣራ ትንሽ ብቻ ከፍ ብዬ፣ ማንም ቀና ብሎ ሳያየኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የጎማውን ዜማ አዳመጥኩ። ያን ቀን እህቴ አንድ ጊዜም ትዝ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ይህም ይጻፍ።

ለቀጠሮው ልናመጣት ስንወጣ ጉም ወርዶ ነበር። እዚያ አገር ጉም ሲወርድ ቅርቡ ሁሉ ይርቃል፤ የሰው ሳል ይሰማል፣ ሰውየው ግን አይታይም። ድንቹ ከተጫነ በኋላ ወደ እሷ ዞርን። መንገድ ዳር ቆማለች። ብጫ ቀሚሷ ከጉሙ ውስጥ እንደ ጧፍ መብራት ደብዘዝ ብሎ ታየኝ።

«ይኼ መኪና ምነው ድምፁ ተለወጠ?» አለች፣ ገና ሳንቆም።

በሩን ከፈትኩላት። እግሯን አነሳች፤ አየር ረግጣ መለሰችው። በእጇ ስትዳብስ ወለሉን ወገቧ አጠገብ አገኘችው። ከላይ ሆኜ እጇን ብይዝም የእኔ ጉልበት አያነሳትም። ከኋላ ድንቹ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጎልማሶች ዘለው ወረዱ።

«እማሆይ፣ ይፍቀዱልንና አንስተን እናስገባዎት» አላት አንደኛው።

«እኔን ወንድ ወገቤን ይዞ የሚያነሳኝ ስሞት ነው።»

«እንደ ልጆችዎ አይደለን? ምን አለበት?»

«ልጅ ከሆንክማ ዝም በል።»

የለስላሳው ሣጥን ቤት ቀርቶ ስለነበር ልጄ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ አመጣ። ቦታው ዳገት ስለሆነ ድንጋዩ ይወዛወዛል፤ እሷ ደግሞ ጫፉን አታየውም። አንድ ጊዜ ሞከረች። ሁለተኛ ስትሞክር ተንሸራታ በሩ ላይ ተንጠለጠለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «ሂዱ፣ በእኔ ምክንያት ሰው አታቁሙ» ብላ ተመለሰች። ብጫው ጥቂት ታየ፤ ቀጥሎ ጉሙ ብቻ ቀረ። ቀጠሮው አለፈ።

ቁልቁል ስንወርድ ልጄን፣ «ጎማውን ስትገዛ ምነው እሷን ሳትጠይቅ ቀረህ?» አልኩት።

«እማዬ፣ መንገዱን አታዪውም?»

«ይህ ስለ መንገዱ የተሰጠ መልስ ነው። እኔ የጠየቅሁህ ስለ እሷ ነው።»

ቤት ስንደርስ ደግሜ ጠየቅሁት። ጎማው ጠንካራ መሆኑን ነገረኝ። እኔ ስለ ጥንካሬ አልጠየቅሁም።

በሚቀጥለው ገበያ አብሬው ወጣሁና እህቴ ዘንድ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ደመናው በበሩ እየገባ ይወጣል፤ ለትንሽ ጊዜ መደቡ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። መቀነቴን ፈትቼ፣ «እስቲ እግርሽን አንሺ» አልኳት።

«ለምን?»

«አንሺ ብቻ።»

ደፉን በቀላሉ ረገጠች። መደቡን ግድግዳ ተደግፋ ወጣችው። ሙቀጫው ላይ ግን እግሯ አልደረሰም፤ ሦስት ጊዜ ሞክራ፣ «ይኼን ትቼዋለሁ» አለች። የመቀነቴን ጫፍ መሬት ላይ በአውራ ጣቴ ረግጬ፣ እግሯ የደረሰበት ላይ ቋጠሮ ቋጠርኩ።

«ለመቃብር ከሆነ የምትለኪኝ በቁመቴ ለኪኝ» አለች።

«ለጎማ ነው።»

«ለጎማ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ እናታችንን ይመስላል፤ ደመናው ውስጥ ሆኜ ስሰማው ማን እንደሳቀ ጠፋኝ፤ ስንት ዓመቴ እንደሆነም ጠፋኝ። ሁለታችንም እዚያው ቤት ውስጥ፣ እግራችንን እያነሳን መደብ ላይ የምንወጣና የምንወርድ ትንንሽ ልጆች ነበርን። ደመናው ሲወጣ አሮጊቶች ሆንን።

ጎማ የሚሸጡትና የሚጠግኑት ሰውዬ፣ ጎሚስታው፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው ሱቃቸው። ከእኔ የሚበልጡ ሽማግሌ ናቸው። ጎማዎቹ ከጣራ እስከ መሬት ተደርድረው ውስጡን አጨልመውታል፤ በየቀዳዳቸው የውጭውን ብርሃን ክብ ክብ አድርገው ያሳያሉ። ልጄ መኪናውን አቆመ፤ እኔ መቀነቴን በበሩ ሥር ዘረጋሁ፤ ወለሉ ከቋጠሮው ብዙ ከፍ ይላል።

«አያ፣ እዚህ ቋጠሮ ላይ የሚያደርሰኝን ጎማ ይስጡኝ።»

ቋጠሮውን አዩ፣ መኪናውን አዩ፣ ልጄን አዩ። «እመት፣ ስንት ቁጥር ማለትዎ ነው?»

መሠረተ ትምህርት የተማርኩትን ያህል ቁጥር አነባለሁ። ጎማው ጎን ላይ የታተመውን ጎንበስ ብዬ አነበብኩት፤ ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት፣ ሰባ አምስት፣ አሥራ ስድስት።

«የፊተኛው ወርዱ ነው» አሉኝ። «ሰባ አምስቱ፣ የጎኑ ከፍታ ከወርዱ ከመቶ ስንት እንደሆነ ይናገራል። አሥራ ስድስቱ የቸርኬው ነው፤ የመሃሉ ብረት።»

«ቁመቱስ?»

«ቁመቱ አልተጻፈም። እሱ ተሰልቶ ነው የሚገኝ።»

«የሚሳፈር ሰው የሚፈልገው እሱን አይደል እንዴ?»

«እስከ ዛሬ የሚሳፈር ሰው መጥቶ ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ።

ይዘነው የመጣነውን የድሮውን ጎማ፣ አዲሱን ከሚመስል ሌላ ጎማ አጠገብ አቆሙልኝ። በአምስት ጣት ያጥራል። «እንግዲያው ይኼ ሲገጠም መኪናው አምስት ጣት ይወርዳል» አልኩ።

«ሁለት ጣት ተኩል ነው የሚወርድ።»

«ግማሹን ማን ወሰደው?»

ልጄ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። ዱላ አምጥተው በሁለቱም ጎማዎች መሃል፣ ብረቱ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ያዙት። መኪናው የሚቀመጠው በጎማው አናት ሳይሆን በመሃሉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጎማው ያጠረውን ያህል ሳይሆን የዚያን ግማሽ ነው የሚወርደው። ዱላውን ሁለት ጊዜ ራሴ ይዤ አየሁት። እውነት ነው። የድሮው ጎማ ቢመለስም እንኳ ከቋጠሮዬ አይደርስም ማለት ነው፤ የቀረው ከፍታ የባሌስትራው ነው።

ያኔ አንድ ነገር ታየኝ። «መኪናው አሁን ባዶ ነው» አልኩ። «እህቴ የምትሳፈረው ከተጫነ በኋላ ነው። ልኩም ከተጫነ በኋላ ይሁን።» ይህን ያልኩት ለእኔ ይጠቅማል ብዬ አይደለም፤ ዝቅ ካለ ትልቁ ጎማ ሊጸድቅ ይችላል። ግን ልክ ልክ ነው።

«ድንች ከየት እናምጣ?» አለ ልጄ።

ሽማግሌው ወደ መንገዱ ወጥተው በጥላ ሥር የተቀመጡትን ሰዎች፣ «ኑ፣ ድንች ሁኑ!» ብለው ጠሩ። እየተሳሳቁ ወጡ። አንዱ፣ «እኔ የደባርቅ ድንች ነኝ፣ አትርገጡኝ» ይላል፤ ሌላው፣ «ይኼማ የበሰበሰው ነው፣ አውርዱት» ይላል። አሥራ ሦስት ሲሆኑ መኪናው ቁጭ አለ።

«በል መሪውን አዙረው» አሉት ልጄን።

አዞረ። ጎማው ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይዞ አፋጨው፤ ብረት በጥርስ ሲፋቅ ይመስላል። ድንቾቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው ጎማውን አዩ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ቁልቁል ስንወርድ በየመታጠፊያው እሰማው ነበር፤ ልጄ ግን ሁልጊዜ፣ «ድንጋይ ነው» ይለኝ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ጎማው ሲለካ መኪናው ባዶ ነበር፣ መሪውም ቀጥ ያለ ነበር። ባዶውንና ቀጥ ያለውን ለክተው፣ ሞልቶና ታጥፎ ለሚኖር መኪና ጎማ ገዙ።

ልጄ መሪውን ቀጥ አድርጎ መለሰው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «የድሮው ከተመለሰ ግን ድንጋዩ እንደገና ሆዱን ይመታዋል፤ እውነቴን ነው እማዬ» አለ።

እውነቱን ነበር። ድንጋዩን የሚያልፈው እሱ ነው፤ የእሱም ድርሻ መቆጠር አለበት። ሽማግሌው መካከለኛውን አወጡ፤ ሁለት መቶ ስልሳ አምስት፣ ሰባ፣ አሥራ ስድስት። ሰዎቹን አውርደው አስገጠሙ፤ መልሰው ጭነው መሪውን አስዞሩት። አልነካም። ተጭኖም ወለሉ ከቋጠሮዬ በላይ ስለቀረ፣ ለእሱ ደግሞ በበሩ ሥር የብረት መረገጫ ይሠራ አሉ።

«ድንጋይ ይመታዋላ!» አለ ልጄ።

«በሰንሰለት ይንጠልጠል። ሲመቱት ይሸሻል።»

መረገጫው ተበይዶ ሲንጠለጠል መቀነቴን ከመሬት ወደ ላይ ዘረጋሁት። ብረቱ ከቋጠሮው በአንድ ጣት ዝቅ አለ። ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ቁጥሩን ልጻፍልዎት?» አሉኝ። «ቋጠሮው ይበቃኛል» አልኳቸው።

አዲስ ቀጠሮ እስኪገኝ ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። ያን ጊዜ ስንወጣ ጉም አልነበረም። እህቴ መረገጫውን በዱላዋ ነካችው፤ ሰንሰለቱ ተንቀጫቀጨ። ግራ እግሯን አሳረፈች፣ የበሩን እጀታ ያዘች፣ ገባች። ማንም አልነካትም። ከኋላ ያሉት ሰዎች እንኳን ደስ ያለዎት ሊሏት ሲጀምሩ፣ «ምን ሆንኩ? መኪና ተሳፈርኩ እንጂ» አለቻቸው።

ጋቢናው ውስጥ ሦስታችን ሆንን፤ እሷ መሃል። መካከለኛው ጎማ አያዜምም፤ ለስለስ ያለ ድምፅ ነው ያለው፣ ሰው ተኝቶ ሲተነፍስ እንደሚሰማው። ደመናው ከሥራችን ሸለቆውን ሞልቶ ተኝቷል። በመታጠፊያው ላይ የመኪናው አፍንጫ ወደ ደመናው ሲዞር፣ ለአፍታ መንገዱ ያለቀና በነጩ ላይ የምንንሳፈፍ ይመስላል። እህቴ በዳነው ዓይኗ ታየዋለች። «ባሕር ነው?» አለች። «ደመና ነው» አልኳት።

ከዚያ እሷ ባለችበት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቅሁት። «ልጄ፣ መንገዱን አልጠየቅሁህም፤ ጥንካሬውንም አልጠየቅሁህም። ጎማውን ስትመርጥ ምነው እሷን ሳትጠይቅ ቀረህ?»

ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ሁለት መታጠፊያ አለፈ።

«ብጠይቃቸው ትንሹን ግዛ እንደሚሉኝ አውቅ ነበር» አለ። «እኔ ደግሞ ትልቁን ወድጄው ነበር።»