ቡችላዋን አሳየን

ያን ቀን ሚኒባሱ ሉማሜ ላይ ጎማው ባይተነፍስ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣብኝም ነበር። ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር ተሳፋሪው ሻይ ቤት ገባ፤ እኔ ሰው ሲበዛ ስለማይመቸኝ አስፋልቱ ዳር ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ቦዩ ውስጥ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ይንቀሳቀሳል። አፉ በሲባጎ ታስሯል። ፈትቼ ባየው ሦስት ቡችሎች፤ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዷ በሞቱት ላይ ተኝታ ትንቀጠቀጣለች። ሴት ናት። በእኛ አገር ሴት ቡችላ ማን ይፈልጋል? የምትወልደውን ማን ያሳድጋል ብለው ነው የሚጥሏት። የጣላትን ሰው ረግሜ ረግሜ ሲወጣልኝ ጃኬቴ ውስጥ ከተትኳት።

ደብረ ማርቆስ ስገባ ሐሳቤ አጭር ነበር፤ ነፍስ እስክትዘራ ላቆያት፣ ከዚያ ለሚያሳድጋት ሰው እሰጣታለሁ። የራሴ ቤት የለኝም። የምኖረው በአንድ ቄስ ግቢ፣ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ባለቤቴ ሥራዋ ወደ ባሕር ዳር ከተዛወረ ወዲህ ሁለቱን ልጆች ይዛ እዚያ ናት። እኔ ዝውውር ጠይቄ፣ ዛሬ ነገ እየተባልኩ እዚህ ቀርቻለሁ። መንገዱም አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ ስለሆነ እንደ ልብ አይኬድም።

ሴቷ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ስድስት። ከቡችላዋ በፊት የማታ የስልክ ወሬያችን ያው ነበር፤ «አባዬ፣ እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። እማዬን እንካ።» ወንዱማ ካርቱኑን ትቶ የማይመጣበት ጊዜ ነበር። አልፈርድባቸውም፣ ልጆች ናቸው። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የተባለው ለእኔ ሲሆን ግን ሆድ ይብሰኝ ነበር።

ቡችላዋን በቪዲዮ ያሳየኋቸው ማታ ቤታቸው ተገለባበጠ። ከዚያ ወዲያ እኔ መደወል ተውኩ፣ እነሱ ይደውላሉ። ከቢሮ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ይጮኻል። «ቡችላዋን አሳየን» ይላሉ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ። ወተት ስትጠጣ ያያሉ፣ ካልሲዬን ስትጎትት ያያሉ፣ ስትተኛ እንኳ ያያሉ። ስም እናውጣላት ብለው ተጣሉ፤ አንዱ ባወጣው ሌላው አልጠራም ብሎ «ቡችላዋ» እንደተባለች ቀረች። አንድ ማታ ፊቴን ወደ ስልኩ አስጠግቼ ትምህርት እንዴት ነው ስል ወንዱ «አባዬ፣ ጋረድካት» አለኝ። ሳቅሁ። እናቱም ከጓዳ ስትስቅ ሰማሁ። ምን አለበት፣ ለቡችላዋ ሲሉም ቢሆን ድምፃቸውን እሰማለሁ አልኩ። ቡችላዋ እንዳትሄድብኝ መፈለግ የጀመርኩት ያኔ ነው።

እሷ ግን ቀኑን እንዴት እንደምትገፋው አላውቅም ነበር። ጠዋት ቆልፌባት እወጣለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። የነገሩኝ ቄሱ ናቸው። «ልጄ፣ አንተ ከወጣህ ጀምሮ ታለቅሳለች። በሩን ትቧጭራለች፣ ሲደክማት ዝም ትላለች፣ ደግሞ ትጀምራለች» አሉኝ። ግቢው ውስጥ እንዳልፈታት ደግሞ እሳቸው አገልጋይ ናቸው። አንድ እሑድ ማለዳ ለቅዳሴ ሲወጡ አምልጣኝ ነጭ ልብሳቸው ላይ ዘለለችባቸው፤ ተመልሰው ልብስ መቀየር ግድ ሆነ። አልተቆጡም። «ዐቢይ ጾም ሲገባ በየቀኑ ቅዳሴ አለብኝ። እስከዚያ ማረፊያ ፈልግላት» ብቻ አሉ።

ገብቼ በሩን ከውስጥ ባየው፣ ከታች በኩል ቀለሙ በጥፍሯ ተልጧል። ያቺን ክፍል እኔ አውቃታለሁ። በዓል ሆኖ ቢሮ ሲዘጋ፣ ቀኑ አልመሽ ሲለኝ፣ ምን እንደምትመስል አውቃለሁ። በር አልቧጭርም እንጂ።

ቢሮ ውስጥ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «ወንድ ነው ሴት?» ነው። ሴት ናት ስል «ይቅርብኝ»። አንድ ዘበኛ እወስዳታለሁ አለኝ። ጆሮዋን ቆርጬ፣ ቀን ቀን በሰንሰለት አስሬ ክፉ አደርጋታለሁ ሲል፣ አንተው ክፉ ሁን ብዬው ተመለስኩ። ልቤ ደግሞ፣ ምን ልዋሽ፣ ፈላጊ በጠፋ ቁጥር ደስ ይለው ነበር።

ሰው ያገኙላት ራሳቸው ቄሱ ናቸው። ገጠር፣ ሮብ ገበያ አጠገብ እህት አሏቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ በግ የሚያረቡ። ውሻቸው አርጅቶ ከሞተ ወዲህ ቀበሮ ግልገል እየወሰደባቸው ነው።

«መምሬ፣ ሴት እኮ ናት» አልኳቸው፣ እንቢ እንዲሉልኝ።

«እህቴም ሴት ናት፤ ያን ሁሉ በግ ብቻዋን ነው የምትጠብቀው» አሉኝ።

ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። ሴትዮዋ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቡችላዋን ከእጄ ከመቀበላቸው በፊት እጃቸውን ቀሚሳቸው ውስጥ ሰደው ከብብታቸው ቁራሽ ዳቦ አወጡ። ከማለዳ ጀምሮ እዚያ ይዘውት የቆዩት ነው፣ ወዛቸውን ጠጥቷል።

«ይህን ከበላች የእኔ ናት። ጠረኔን ካወቀች ከደጄ አትርቅም» አሉ።

ቡችላዋ አሸተተች፣ ቀና ብላ እኔን አየች፣ ከዚያ ዳቦውን በላች። ፍርፋሪውንም ከመዳፋቸው ላሰች። ወተት ሳመላልስላት የከረምኩት ሰውዬ ቆሜ አያለሁ።

«እንግዲህ ልጄ፣ እስክትለምደኝ አትምጣ። ካየችህ ተከትላህ ትወጣና ጅብ ይበላታል» አሉኝ።

«አንዳንዴ እንኳ፣ ለልጆቼ በስልክ ላሳያቸው ብዬ ነበር።»

«ድምፅህንም መስማት የለባትም።»

ክፋት አልነበረባቸውም። እንደሚያውቁት ነው ያደረጉት። ቡችላዋ በጎቹ መሃል ገብታ አንድ ግልገል ሲያሸታት፣ ጭራዋን ስትቆላ አየሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው የማይለየው ቤት አገኘች። እኔ ልሰጣት ያልቻልኩት እሱን ነው። ስንብት ሳላበዛ ወደ መኪና መንገዱ ወረድኩ።

ማታ ስልኩ ጮኸ። የደወለው ወንዱ ልጄ ነው። ቡችላዋን ለሰው ሰጠኋት አልኩት፤ በግ የምትጠብቅበት ጥሩ ቤት ገብታለች ብዬ ላስረዳው ስሞክር አኩርፎ ስልኩን ጥሎ ሄደ። በማግስቱ አልደወሉም። በሦስተኛውም ቀን አልደወሉም። እኔም አልደወልኩም። ምን አሳያቸዋለሁ? ፊቴን?

ጾሙ ከገባ በኋላ አንድ ማታ ሴቷ ልጄ በቪዲዮ ደወለች። ቡችላዋን አላነሳችም። ከጀርባዬ ያለውን አልጋና በር ትቃኛለች።

«አባዬ፣ አሁን ብቻህን ነህ?» አለችኝ።

ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፣ አባት ሆድ ሲብሰው ለልጁ አያሳይም። ልዋሻት ግን አቅም አጣሁ። «አዎ፣ ብቻዬን ነኝ» አልኳት።

«የቤት ሥራ አለብኝ፤ ግን አትዝጋው» ብላ ስልኩን ደብተሯ አጠገብ አጋደመችው። ከዚያ በኋላ የሚታየኝ የቤታቸው ኮርኒስ ብቻ ነው። እርሳሷ ወረቀት ላይ ሲንሸራተት፣ ወንድሟ ሲነጫነጭ፣ እናቷ ሳህን ስታቀራርብ እሰማለሁ። ኮርኒሱን እያየሁ ተቀመጥኩ። እራት ቀርቧል ብለው ሲጠሯትም ስልኩን ሳትዘጋው ሄደች።