ምስር ብዪ

አሁን አሁን በተከታታይ ድራማ ላይ አንድ ተወዳጅ ሰው ሲሞት ተመልካቹ ይቆጣል፤ «መልሱት» ይላል። ደራሲው መመለስ አለበት የለበትም እያሉ የሚከራከሩ ወጣቶች አንዳንዴ ቤቴ ይመጣሉ። የአማርኛ መምህርት ስለነበርኩ መልሱን የማውቅ ይመስላቸዋል። ሻይ አቀርብላቸውና ወሬ አስቀይራለሁ። እኔ አንድ ጊዜ የሞተ ሰው መልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ምስር ወጥ አልበላም።

ነገሩ የሆነው ናዝሬት ነው፣ በደርግ ጊዜ፣ የሰው ልጅ ሰሜን ላይ እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ዘመን። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የግቢው ባለቤት ከአርሲ፣ ከደራ የመጡ ሴት ነበሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፤ እትዬ እላቸው ነበር። አማርኛውን ከኦሮምኛው እያቀላቀሉ ሲያወሩ ደስ ይሉ ነበር። ያላቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ላንጋኖ ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሲሄድ መንገድ ላይ በአፈሳ ተያዘ፤ ከሰሜን ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ዝም አለ።

ብስክሌቱ ግን ቤት ቀርቷል። እትዬ በር ሥር አቁመውት ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን በጨርቅ ይወለውላሉ፤ ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ ይሉና ጎማውን ይነፋሉ። አንድ ቀን ላግዛቸው ብል እምቢ አሉኝ። «ጎማ አየር ሳይኖረው ከቆመ ይሰነጠቃል፤ እሱ ነው የነገረኝ» አሉ። «ሲመጣ ወርዶ እንዳያገኘው።»

በዚያው ሰሞን የቀበሌያችን ሊቀመንበር አስጠራኝ። ቀበሌው ኪነት አለው፣ ዘፋኝ አለው፣ ተውኔት ግን የለውም፤ ጓድ መምህርት ትጻፍልን አለ። በልቤ ደስ አለኝ። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ደራሲ ነኝ ብዬ አምን ነበር፣ የቀረኝ ሌላው ሰው ማመኑ ብቻ ነበር። ልጇ የዘመተባት የአንዲት እናት ታሪክ ጻፍኩ። እናቲቱ በየቅዳሜው የልጇን ብስክሌት ጎማ ትነፋለች። አዎ፣ ሰረቅሁት። እትዬን ልጠይቃቸው እችል ነበር፤ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን። አልጠየቅኋቸውም።

መጨረሻው ላይ ሦስት ሽማግሌዎች በማለዳ ይመጣሉ። ይቀመጣሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ጎረቤት ላም ያወራሉ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ «እናቴ፣ ከእንግዲህ በሩን አይጠብቁ» ይላል። እናቲቱ የብስክሌቱን መንፊያ ከእጇ ትጥላለች፤ መጋረጃ ይዘጋል። በዚያች ዓረፍተ ነገር እንዴት እኮራ እንደነበር! ሊቀመንበሩ ከሥሯ «ለእናት አገሩ ተሰውቷል» የምትል ጨመረባትና ማኅተሙን መታ።

እትዬን ላስከብራቸው ፈለግሁ። ደግሞም ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ከገበያ በቀር ከቤት አይወጡም። ስለዚህ ምን እንደሚታይ ሳልነግራቸው «እሑድ ከሰዓት አዳራሽ ይምጡልኝ» አልኳቸው። «ምነው እኔን?» አሉ። «እንዲሁ ነው፤ የፊት ወንበር ይዤልዎታለሁ።» እንዳይቀሩ ብዬ ሁለት ጎረቤቶች ግራና ቀኝ ሆነው እንዲያመጧቸው ለመንኩ።

ይህንን የሚያነብ ሰው ስህተቴን ከወዲሁ አይቶታል። እኔ ግን፣ ተማርኩ የምለው፣ አልታየኝም። እኛ ዘንድ መርዶ በቀጥታ አይነገርም። ሰውየው በሌላ ሰበብ ይጠራል፤ ለምን እንደተጠራ አይነገረውም፤ ግራና ቀኙን ሰው ይይዘዋል፤ ጎረቤት ከኋላው ይሰበሰባል፤ ወሬው ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ለሐዘንተኛው የሚነግረው ቃሉ ሳይሆን ይህ ሁሉ ዝግጅት ነው። እኔ ለእትዬ ምንም ሳላጓድል አዘጋጀሁላቸው።

እትዬ ኪነት ሲባል ዘፈን ነበር የሚያውቁት። መጋረጃው ሲከፈት አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ብስክሌት ትነፋለች። ከጎን ሆኜ ፊታቸውን አይ ነበር፤ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ቀጥሎ ግራና ቀኛቸውን ተመለከቱ፤ ከዚያ ዞር ብለው ከኋላ የተቀመጠውን ሰፈርተኛ አዩ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ የአንደኛዋን ጎረቤት እጅ ጨበጡ። ያች የምኮራባት ዓረፍተ ነገር ስትነገር ተነሡ።

«የኔን ልጅ ነው?» አሉ። «ማሎ፣ እባካችሁ ንገሩኝ፤ የኔን ልጅ ነው?»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩና ጮኹ። አዳራሹ ልጃቸው በዘመተባቸው እናቶች የተሞላ ነበር። አንዷ ተከተለች፣ ሌላዋ ተከተለች፤ ከአፍታ በኋላ አዳራሹ በሙሉ ለቅሶ ቤት ሆነ። ትልቁን ሽማግሌ ሆኖ የተጫወተው ጫማ ሰፊ ራሱም ያለቅስ ጀመር፤ የጥጥ ጢሙ በእንባ ርሶ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። ሸሽቼ ብሄድ በወደድኩ፤ በሩ ግን ከሚያለቅሱት ወዲያ ነው።

እትዬ ሦስት ቀን ቁጭ ብለው አለቀሱ። «ፈጠራ ነው፣ እትዬ፤ ከራሴ ነው ያወጣሁት» ብላቸው «ብስክሌቱንስ?» አሉኝ። በአራተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ራሱ መጥቶ ቀበሌ የደረሰ ምንም ወረቀት እንደሌለ ሲምል ነው ትንሽ ረጋ ያሉት።

የሰፈሩ ሴቶች ግን አልረጉም። ሟርተኛ አሉኝ። ስምንት ሆነው ቀበሌ መጡ፤ ተውኔቱ ለሚቀጥለው እሑድም ተይዟልና መጨረሻው ይለወጥ አሉ። እኔም ተጠርቼ ስለ እውነት፣ ስለ ጥበብ አንድ ሁለት ነገር ተናገርኩ፤ ከመጽሐፍ የቃረምኩትን። አንዲት ጠና ያሉ ሴት እስክጨርስ ጠበቁኝና፣

«ልጄ፣ የፈጠርሽው ሰው ከሆነ በእጅሽ ነው» አሉኝ። «በእጅሽ ያለውን መግደል ምን አስፈለገሽ? የእኛዎቹ መቼ በእጃችን ሆኑ?»

ሊቀመንበሩ ብዙም አልተጨነቀ። «ሕዝብ ይመለስ ካለ ይመለሳል» አለ። «በድል ይመለስ። አንድ ገጽ አይደል፣ ጓድ መምህርት?»

ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ አንዷን ገጽ ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ። ስለ እናቶቹ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ አዝኜም ነበር። ግን ይበልጡን ፈርቼ ነው፤ ደግሞም ጭብጨባ እወድ ነበር። በአዲሱ መጨረሻ ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናብ እያወሩ ሳለ ከውጭ የብስክሌት ደወል ይሰማል፤ ልጁ እየገፋው ይገባል። በሁለተኛው እሑድ ያ ደወል ሲያቃጭል ከአዳራሹ የተነሣው እልልታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ በደስታ አለቀስኩ። ይህንን መናገር አሁን ያሳፍረኛል።

ስንወጣ፣ እንደገና መጥተው ያዩት እትዬ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ሁለት እጄን ያዙና ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«ቀበሌዎቹ ነገሩሽ አይደል?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያኔ ያልሽው ስህተት ነበር፤ አሁን ደኅና መሆኑን ሰምተሻል።»

«ኧረ ተውኔት ነው፣ እትዬ። ሴቶቹ መጨረሻውን ለውጪ ስላሉኝ ነው።»

ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «እሺ፣ ተውኔት ነው። አትናገሪ ብለውሽ ይሆናላ» አሉና ጉንጬን ሳሙኝ። «ምስር ብዪ፣ ልጄ።»

የምሥራች ላለ ሰው የሚሰጥ መልስ ነው፤ ሁላችንም እንለዋለን፤ ማንም ግን ምስር ሠርቶ አያቀርብም። እትዬ አቀረቡ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራፌ ላይ በሣህን ከድነው ይዘው ቆመዋል። ገቡ፤ ተቀመጡ፤ ከፊቴ አኖሩት። ያን ጊዜ ሣህኑን ገፋ አድርጌ «እትዬ፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ይህን ልበላው አይገባኝም» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ደግሞ ፊታቸውን አየሁ፤ ትንሽ ደስ ቢላቸው ምን ይጎዳል፣ ልጁም ይመጣ ይሆናል አልኩ። ቆርሼ ጎረስኩ።

«ጨው አነሰው?» አሉ።

«አላነሰውም።»

እስክጨርስ ቁጭ ብለው አዩኝ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የኔን ዝምታ ዋጋ ግን የከፈሉት እሳቸው ናቸው።

ዓመት አለፈ። አንድ እግሩን ያጣ ወታደር በዱከም መኪና ሲጠብቅ ከሰፈራችን ሰው ጋር ይተዋወቃል፤ ወሬ ወሬን ያነሣና የእትዬን ልጅ በገዛ እጁ እንደቀበረው ይናገራል። ወሬው ለዕድራችን ዳኛ ደረሰ፤ ዳኛው ራሳቸው ወታደሩን ፈልገው አግኝተው አጣሩ። ከዚያ አንድ ማለዳ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ግቢያችን ገቡ። ሦስት ሆነው ሳያቸው ገባኝ፤ በራፌ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ፤ የእትዬ በር ክፍት ስለነበር ይሰማኝ ነበር። ዳኛው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እትዬ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ ነበር።

«ይህንን አይቼዋለሁ» አሉ። «እናንተ የምታውቁት የመጀመሪያውን ነው። መጨረሻው ተለውጧል። እሷን ጠይቋት፤ እሷ ናት የለወጠችው።»

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ። ሽማግሌ በግድ አያረዳም፤ ተነሥተው ወጡ። ድንኳን አልተተከለም፤ ንፍሮ አልተቀቀለም። ጎረቤቱ ሁሉ እያወቀ፣ እትዬ እርማቸውን ሳያወጡ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ብስክሌቱን ነፉ። እኔም ግድግዳው ማዶ ተቀምጬ የመንፊያውን ድምፅ እሰማ ነበር።

ያንን ድምፅ እየሰማሁ ብዙ አሰብኩ። ሴቶቹ ትክክል ነበሩ፤ ከሰው ቤት በሰረቅሁት ብስክሌት የሰው ልጅ መግደል አልነበረብኝም። ነገር ግን ያች የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ እውነት ነበረች። አንዲት ሴት አንድ ቀን የምትፈልጋትን ቃል ጻፍኩ፤ ከዚያ ሰው ስለጮኸብኝ ቀማኋት። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቃሉ እጃቸው ላይ ባዶ ነበር። መለወጤ ነው ያጠፋው ወይስ መጻፌ? ሳስበው አንድ ቀን ይሄ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ያ።

በደርግ መጨረሻ ጦሩ ተፈታና ወታደሩ በየመንገዱ ፈሰሰ። ባዶ እግራቸውን፣ ልብሳቸው ገላቸው ላይ አልቆ፣ በናዝሬት አስፋልት ያልፉ ነበር። እትዬ ጀሪካን ውሃ ይዘው ዳር ቆሙ። ያጠጡና የልጃቸውን ስም እየጠሩ ይጠይቃሉ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሄጄ አብሬያቸው እቆማለሁ፤ ኩባያ አጥባለሁ። ሰልፉ እየሳሳ መጣ፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም ሳያልፍ ቀረ። ጀሪካኑን ከነውሃው ይዘን ተመለስን።

በሳምንቱ ማለዳ እትዬ በሬን አንኳኩ። «አካም ቡልቴ?» አሉኝ፣ እንዴት አደርሽ ሲሉ። ነገር ሲከብዳቸው በኦሮምኛ ነበር የሚጀምሩት።

«ያ የመጀመሪያው አለሽ?»

«የቱ፣ እትዬ?»

«በሩን አይጠብቁ የሚለው።»

«ቀድጄዋለሁ። በቃሌ ግን አውቀዋለሁ።»

«ነገ በማለዳ ሽማግሌዎቹን ይዘሽልኝ ነይ» አሉ። «አንቺ ነሽ የለወጥሽው፤ አንቺ መልሺው።»

በማግስቱ አራት ሆነን ገባን። እትዬ ቤቱን ጠርገው፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው፣ እንደማያውቅ ሰው ተቀምጠዋል። ዳኛው ስለ ዝናቡ አወሩ፤ እትዬም በሥርዓቱ «አዎ፣ ዘንድሮ ዘገየ» አሉ። ከዚያ ዳኛው በአንገታቸው ምልክት ሰጡኝ።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ በሩን አይጠብቁ» አልኩ። የኮራሁባት ዓረፍተ ነገር ናት። እስክጨርሳት ሁለት ጊዜ አፌ ላይ ተሰበረች።

እትዬ ገና አላለቀሱም። ቀና ብለው አዩኝ።

«ምስሩን ስትበዪ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር፣ እትዬ። መኖሩንም መሞቱንም አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ ለምን በላሽ?»

ነጠላቸውን አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ጩኸታቸውን ሲሰማ ሰፈሩ ገባ። የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ይዘው መጡና ቦታ ይልቀቅ አሉ። ብስክሌቱን ከበር ሥር አንሥቼ ወደ ጓሮ ገፋሁት። ጎማው እንደተነፋ ነበር።