ሐዲድ ዘርጊዎች ያወጡት መንገድ

ጣሊያን ወጥቶ ከተማው ሲረጋጋ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ሰው እንደፈለገው ቤት ቀለሰ። እኔ በሙሽርነት ስገባ ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ አልነበረም። ውሃም አልነበረም። እንስራ አዝለን የወንዙን ደረቅ አሸዋ ተሻግረን እንቀዳለን፤ ደቻቱ ከሞላ ደግሞ ያን ቀን ተጠምቶ መዋል ነው። አንድ ጠዋት ጎርፉ እንስራዬን ወሰደው፤ እኔም ለጥቂት ተረፍኩ። ቤት ገብቼ ባሌን «ወይ ለሰፈሩ የቦኖ ውሃ ይገባል፣ ወይ እናቴ ቤት እሄዳለሁ» አልኩት። የምሬን ነበር።

ባሌና አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን የባቡር ሐዲድ ዘርጊዎች ነበሩ። ተሰብስበው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። «መኪና የሚያሳልፍ ቀጥ ያለ መንገድ አውጡ፤ ቧንቧው ይገባል» ተባሉ።

ሲባጎ ወጠሩ። ሲባጎው በአንዲት ባልቴት ቤት መሀል አለፈ። አዴ ነው የምንላቸው፤ ያለቻቸው ያቺው አንዲት ክፍል ናት። በራቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ «አቦ፣ እኔም ውሃ እፈልጋለሁ፤ ግን ቤቴ ፈርሶ ውሃውን የት አኖረዋለሁ?» አሉ።

ባሌ ሲባጎውን ጠቀለለ። «ባቡር ተራራ ሲገጥመው ምን ያደርጋል?» አለ። ዘርጊዎቹ ወዲያው ገባቸው። ከሩቅ ጀምረው፣ ከየአጥሩ ትንሽ ትንሽ እየቆረሱ፣ ልክ እንደ ሐዲድ መንገዱን ቀስ አድርገው አዞሩት። የአዴ ቤት ተረፈች። በወዲህኛው በኩል ግን ጭቃው እንኳ በቅጡ ያልደረቀው ማድቤቴ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። ተናደድኩ፤ ባሌን አዋረድኩት፣ አዴንም አኮረፍኩ። ከዚያ ዶማውን ተቀብዬ ራሴ አፈረስኩት። ቦኖ ይግባ ያልኩት እኔው ነኝ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም መጥቶ «ቀጥ ያለ ነው እኮ ያልኩት!» ብሎ ጮኸ።

«መኪናው ይምጣና ይሞከር፣ ጌታዬ» አለ ባሌ።

ሁላችንም አጥር ላይ ተለጥፈን አየን። ቧንቧ የጫነው መኪና አንድ እንጨት ሳይነካ አለፈ። ሹሙ ቆቡን አውልቆ ላቡን ጠረገና «በሉ ቆፍሩ» አለ።

ሌላ ማድቤት እስክሠራ ድረስ የአዴን ምድጃ ተጋራሁ። ቦኖው የተከፈተ ዕለት የመጀመሪያውን ውሃ ቀድተው ደጄ ላይ ያኖሩልኝ እሳቸው ናቸው።

ዛሬ ቤቱም አዴም የሉም። መንገዱ ግን እዚያ ቦታ ሲደርስ አሁንም ይዞራል። የሚያልፍ ሁሉ «ይህን መንገድ ማን ነው ያጣመመው?» ይላል። እኛ ነን፤ ደግሞም አውቀን ነው።