አንድ ሜትር ዘፈን

ባለፈው እሁድ ለቡ ቤታችን ምሳ ቀርቦ፣ እጅ ታጥቦ፣ አባቴ ገና «ብሉ» ከማለቱ፣ ልጄ ናቲ ስልኩን ብርቱካን ከምታክል ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘና «አያዬ፣ ያንተን ካሴት አገኘሁልህ፤ ሙሉውን!» አለ።

ከብርቱካኗ ውስጥ የወጣው እውነትም የአባቴ ካሴት ነው፤ ያውም ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ዛሬ ጠዋት የተዘፈነ መስሎ። መግቢያው ላይ ያለው ሳክስፎን ሲጀምር እኔ በለመድኩት ቦታ ላይ «ጥቅ» እስኪል ጠበቅሁ። ጥቅ የለም። ሳክስፎኑ ቀጠለ። አሁንም ቀጠለ። አሁን አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከአሥር ዓመቴ ወዲህ ሰምቼው የማላውቅ ሳክስፎን ማንም ሳይጠራው ምሳዬ ላይ መጥቶ ተንዛዛ። ደረጃ አለ ብለህ እግርህን ስትሰድ ሜዳ ቢያጋጥምህ እንዴት ትሆናለህ? እንደዚያ ሆንኩ። ጉርሻው ትን ብሎኝ ለሞት ጥቂት ቀረኝ። ባለቤቴ «ምንም አልሆንክም» ትላለች፤ እሷ ግን ጀርባዬን ስትደበድብ ነበር እንጂ ፊቴን አላየችም።

ሳሉ ሲለቀኝ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። የመጀመሪያው ዘፈን ሙሉ ሆኖ ከመጣ አሥረኛውም ሙሉ ሆኖ ይመጣል። አሥረኛው ውስጥ ደግሞ አባቴ ከሰማቸው አርባ ዓመት ሊሞላ የተቃረበ አራት ስንኞች አሉ። እንዳይሰማቸው ያደረገችው ሴትዮ የለችም፤ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። ማጉያውን እንዳልዘጋው አባቴ በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ደስ ብሎታል። ምን ብዬ ልዝጋው?

ስለ ሴትዮዋ ልንገራችሁ። የዘጠኝ ዘፈን ጊዜ አለን።

እትዬ ዘሐራ ብስራተ ገብርኤል ሳለን በአንድ ግድግዳ የምንዋሰናት ልብስ ሰፊ ነበረች። በልጅነቷ ከስልጤ መጥታ የቀረች፣ ሜትር ከአንገቷ የማይወርድ፣ ከከንፈሯ መርፌ የማይጠፋ ሴት ናት። መርፌዎቹን በአፏ ይዛ ታወራለች፤ ትስቃለች፤ ልጅ ትቆጣለች። አንዱን እንኳ ስትውጥ አላየሁም፤ ስንት ቀን ቆሜ ጠብቄያለሁ። ክፍሏ የማሽን ዘይት፣ የአዲስ ፖሊስተርና የኩቴክስ ሽታ ነበረው። ጥፍሯን ግን ቀብታ አታውቅም። ኩቴክሱ የካሴት መድኃኒት ነው።

የዚያን ዘመን ቴፕ ካሴት ይበላ ነበር። እንደዛሬው ዕቃ ሲበላሽ ዝም አይልም፤ ዘፋኙን መጀመሪያ ያጎረናል፣ ቀጥሎ ያስለቅሰዋል፣ በመጨረሻ ይውጠዋል። ክዳኑን ስትከፍት ክሩ እንደ ዶሮ አንጀት ተዘርግፎ ታገኘዋለህ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንጀቱን ይዞ ወደ እትዬ ዘሐራ ይሮጣል። የተጨማደደውን ቦታ በልብስ መቀሷ ትቆርጠዋለች፤ ሁለቱን ጫፍ ታነባብርና በጢኒጥዬ ቀይ ኩቴክስ ታጣብቀዋለች። የሰፈራችን ካሴት ሁሉ ጥፍሩን የተቀባ ነበር።

እዚህ ድረስ ምንም ክፋት የለውም። ክፋቱ፣ ሥራዋን የምትፈትነው ካሴቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ እየሰማች፣ እየሰፋች ነበር። ሙዚቃ ትወዳለች እንዳትሉ። የዘፋኝ ስም ጠይቃ አታውቅም፣ ሁለት ጊዜ የሰማችውም የለም። ግን ስትመልስልህ ልብስ በምታሰምርበት ጠመኔ የጻፈችበትን ቁራጭ ካርቶን ማቀፊያው ውስጥ ከትታ ነው። ፍርድ ነው እሱ። ይግባኝ የለውም።

የጎረቤታችን ጎረምሳ ከስንት ልመና በኋላ ያስቀዳውን የሬጌ ካሴት አስጠግኖ ሲያወጣ ካርቶኑ ላይ «አልጋው ላይ ተኝቶ ነው የዘፈነው፤ ተነሥ በሉት» ይላል። የፋርማሲው ባለሙያ ቃል የሌለው የጃዝ ካሴት አምጥቶ ነበር፤ «ዘፋኙ ሳይመጣ አለቀ» ተብሎ ተመለሰለት። የፈረንጅ ኦርኬስትራ ካሴት ለነበረው መምህር ደግሞ «ሰው በዝቷል። ተጣልተው ነበር፣ መጨረሻ ላይ ታርቀዋል» ብላ ጻፈችለት፤ መምህሩ ካርቶኑን ለተማሪዎቹ አነበበ አሉ። የሕንድ ፊልም ዘፈኖችን ሰምታ «ልጅቷ እሺ አለችው ወይስ እንቢ? አልቋጨችውም» ብላ ተናደደች። በጊታር የሚጮሁትን ፀጉራም ፈረንጆች ስትሰማ የስፌት መኪናዋ የተሰበረ መስሏት ሦስት ጊዜ ዘይት አጠጥታዋለች። ዲስኮ «ለቀጥታ ስፌት ይሆናል፤ ለእጅጌ አይሆንም።» የሱዳን ዘፈን ከሁሉ በለጠ፦ «ሁለት ቀሚስና አንድ ጉርድ ጨረስኩበት።» ከሀገራችን በጣም የተመሰገነው፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማው ባለ ክራር ደግሞ «አንድ ቁልፍ እንኳ አልሰፋሁም» የሚል ተለጠፈበት። ዓለም ተሰብስቦ ያደነቀው ሙዚቃ በቀሚስ ቁጥር ሲመዘን አደግሁ። ዛሬ አዋቂ ሰዎች ስለ ጃዝ ሲያወሩ እኔ በሆዴ «ዘፋኙስ መቼ ይመጣል?» እላለሁ። ከሰው ፊት አዋርዳኛለች!

ይሄም ይሁን። ግን ትቆርጥ ነበር። ከሚገባው በላይ ትቆርጥ ነበር! ጩኸት የበዛበት ቦታ፣ መግቢያው ያልተገደበ፣ «ወይኔ» የተደጋገመበት ዘፈን ከእሷ እጅ አጥሮ ይመለሳል። ሲጠይቋት «ተበልቶ ነበር» ትላለች። የመዝሙርና የመንዙማ ካሴት ሲመጣላት ግን አንዲት ክር አትቆርጥም፤ የተጨማደደውን በመስታወት ላይ አስተኝታ በጥፍሯ ጀርባ ስታስተካክል ትውላለች። «የፈጣሪ ነገር በመቀስ አይነካም» ትላለች። እንግዲህ ሳይቆረጥ መዳን ይችላል ማለት ነው! ይህን ሁሉም ያያል፣ ማንም አይናገርም፤ ከእሷ በቀር ጠጋኝ የለማ።

የተቆረጠውን ደግሞ አትጥልም። ከአጥራችን ጥግ የነበረው ኮክ ዛፍ ላይ ታስረዋለች፤ በፀሐይ ያብረቀርቃል፣ በነፋስ እዝዝዝ ይላል፣ ወፍ ያባርራል። የስንት ሀገር ዘፋኝ እዚያ ዛፍ ላይ የኮክ ጠባቂ ሆኖ ኖሯል። ያም ሆኖ ኮኩን ወፍ ሳይሆን እኛ ነበርን የምንጨርሰው።

ወደ አባቴ ካሴት ልምጣ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ ሰንብቶ እሁድ ጠዋት ይገባል። ምሳ ሲቀርብ ክሮሼ የለበሰውን ቴፕ ገልጦ ያንን አንድ ካሴት ያስገባል፤ ፊቱን ሰምቶ ጀርባውን ይገለብጣል። የጀርባው የመጨረሻ ዘፈን፣ ያ አሥረኛው፣ ስለ ወንድም ነው። መሃሉ ላይ አራት ስንኞች አሉ፤ ዘፋኙ የወንድሙን አልጋ አንጥፎ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅባቸው። የአባቴ ታናሽ ወንድም ደምሴ ሰሜን ጦር ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ። አልጋው ከእኔ አልጋ ፊት ለፊት እንደተነጠፈ ነበር።

ስንኞቹ ሲደርሱ አባቴ እጁን ከማዕዱ ያነሣና ወደ በረንዳ ይወጣል። የቤቱ አባወራ ተነሥቶ ማን ይበላል? እማዬ ማዕዱን ታነሣሳዋለች። በየእሁዱ! «አንድ እሁድ እንኳ ቢተወው ምናለ?» ስላት «አንተ ምን ታውቃለህ» ትለኛለች። ረሃብን አውቃለሁ። እኔ አጭር የሆንኩት በዘሬ አይደለም፤ ልክ በማድግበት ዕድሜ ምሳ የሚያስነሣ ዘፈን ስላጋጠመኝ ነው።

አሥር ዓመቴ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እማዬ ገበያ ሄዳ እኔ ያንን ካሴት ሰርቄ ከፈትኩ። ለመደነስ ነው፤ ሌላ ዓላማ አልነበረኝም። የመጀመሪያው ዘፈን ሳክስፎን ገና ሲሞቅ ቴፑ ክሩን በላው። አንጀቱን ታቅፌ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለክሁና እትዬ ዘሐራ ፊት ቆምኩ።

«እትዬ፣ እባክዎ…»

«እባክዎ? አንቱ ለሚለኝ ልጅ ካሴት አልጠግንም ብያለሁ። ታስረጀኛለህ እንዴ!»

«እባክሽ።»

«የማን ነው?»

«የአባዬ።»

«የእሁዱ?»

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ያለ መርፌ አፏን ያየሁት ያን ቀን ነው። የተበላውን ቦታ በእጇ ለካችው፤ አንድ ስንዝር ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።

«ነገ ከምሳ በፊት ና» አለች።

ካሴት ማለት አንድ ክር ነው። ፊቱን ስትቆርጥ ጀርባውም አብሮ ይቆረጣል። የፊቱ የመጀመሪያ ዘፈን ደግሞ ከጀርባው የመጨረሻ ዘፈን ጋር አንድ ቦታ ላይ ነው የሚተኛው። ይህን እኔ አላውቅም። እሷ ታውቃለች።

በማግስቱ ካሴቱን ስትሰጠኝ ካርቶኑ ላይ «አሁን ምሳ ላይ ይሰማል» ብላለች። ካርቶኑን ጫማዬ ውስጥ ደበቅሁት።

አባቴ ከፈተ። ሳክስፎኑ ጥቂት ሄዶ፣ ጥቅ፣ ዘለለ። አባቴ ግንባሩን ቋጠረ፤ እኔ ድንች ላይ አተኮርኩ። ተገለበጠ። አሥረኛው መጣ። አልጋው ሊነጠፍ፣ በሩ ሊገረበብ፣ እማዬ እጇን ልታነሣ… ጥቅ። ዘፋኙ ስንኞቹን ዘሎ አዝማቹ ላይ አረፈ። የአባቴ እጅ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ተነሥቶ ወደ ኋላ አጠነጠነው። ጥቅ። ደግሞ አጠነጠነው። ጥቅ። ቴፑን አየ፣ እኔን አየ፣ ግድግዳውን አየ፤ ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናዋ ድምፅ የለም። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ብሉ» አለ።

በላን። እስከ መጨረሻው በላን። እማዬ ጨምራ አቀረበች፣ እሱንም በላን። ከምሳ በኋላ ካሴት የመስረቅ ቁንጥጫዬን ከነወለዱ ተቀብያለሁ፤ ቅሬታ የለኝም፣ ሆዴ ሙሉ ነበር።

ማምሻውን ግን ወደ እትዬ ዘሐራ ሄድኩ። ነገር ሳይገባኝ መተኛት አልችልም።

«እትዬ፣ የተበላው ስንዝር ነው። ለምን ብዙ ቆረጥሽ?»

«ልብስ ሲቆረጥ ለእጥፋት ይተዋል።»

«ይሄ ልብስ አይደለም!»

«ምሳ በላህ?»

«በላሁ።»

«አባትህስ?»

«በላ።»

«ታዲያ ምን ትነዘንዘኛለህ? ሂድ፣ ብርሃኔን አትከልክለኝ» ብላ መርፌዋን አፏ ውስጥ መለሰች።

ከዚያ እሁድ በኋላ አባቴ ያንን ካሴት ክሩ እስኪያልቅ ሰማው፤ ከማዕድ ግን አልተነሣም። ሰፈሩ ፈርሶ እኛ ለቡ፣ እሷ ፉሪ ስንገባ እንኳ፣ በበዓል ስጠይቃት ስለዚያ ጉዳይ አንድ ቃል አውጥታልኝ አታውቅም። እኔም ለአባቴ አልተናገርኩም። ይኸው ነው፤ አርባ ዓመት ሊሞላ የተቃረበ ምስጢር ይዤ ነው ባለፈው እሁድ ከልጄ ብርቱካን ጋር የተፋጠጥኩት።

አሥረኛው ጀመረ። እጄን ወደ ማጉያው ሰደድኩ።

«ተወው» አለ አባቴ።

አልጋው ተነጠፈ። በሩ ተገረበበ። አራቱም ስንኞች፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ አለፉ። የአባቴ እጅ ጉርሻ እንደያዘ አየር ላይ ቀረ፤ የሁላችንም እጅ ቆመ። ምንም የማታውቀው ባለቤቴ እንኳ መብላቷን አቆመች። እኔ የበረንዳውን በር እያየሁ ነበር። አባቴ ግን አልተነሣም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀና፦

«ረዘመ» አለ።

«ምኑ፣ አያዬ?» አለ ናቲ።

«ያቺ ቦታ። ኮኩ ላይ ነበረች እኮ። ዘሐራ ከሌሎቹ ለይታ፣ ወደኛ ቤት በኩል ነበር ያሰረቻት። ጠዋት መኪናዬን ላስነሣ ስወጣ አያታለሁ። ነፋስ ሲኖር እዝዝዝ ትላለች። እዚያ ስሰማት… ደህና ነበር።»

ምን ልበል? ጀግና ምስጢር ጠባቂ ነኝ ብዬ ስኮፈስ ኖሬ፣ ምስጢሩ ለካ ደጃችን ላይ ተንጠልጥሎ ወፍ ሲያባርር ነበር! ወይ እትዬ ዘሐራ! አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ናቲ «ልድገመው?» አለ።

«አይ። የዘሐራን አምጣልኝ፤ የእሷ ይሻላል።»

ልጄ ስልኩን አንሥቶ መፈለግ ጀመረ። «ዘሐራ… ዘፋኝ ናት? መቼ ነው የሠራችው?» ይላል፤ ያሻሻል፣ ወደ ላይ ይገፋል፣ ወደ ታች ይገፋል። የዓለም ዘፈን ሁሉ አለበት የሚባለው ስልክ ያንን የለውም። እኔም ለአባቴ ባፈላልግለት ደስ ባለኝ፣ ግን ከየት?

ንዴቴ ባሰብኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና፣ በዚህ አህያ በሚያስደነብር ድምፄ፣ አሥረኛውን ራሴ ጀመርኩት። ልጄ ጆሮውን ያዘ። ስንኞቹ ጋ ስደርስ፣ እኔ ሳልቀድመው፣ አባቴ በምላሱ «ጥቅ» አደረገ። አዝማቹን ተቀበለኝ። ከዚያ ያቺን የያዛትን ጉርሻ ጎረሰ።

«ብሉ እንጂ» አለ።