አባዬ የመረጠው እንጨት

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ የእረፍት ቀን አልነበረም፤ የእንጨት ቀን ነበር። ኒው ሆፕ በምትባል የፈረንጅ ከተማ ከሚገኘው የኪራይ ቤታችን በጠዋት እንወጣና አባዬ መኪናውን ቀስ አድርጎ እየነዳ፣ እኔ በመስኮት እያየሁ፣ ሰው ቆርጦ የጣለውን ዛፍ ፍለጋ እንዞራለን። በዐሥራ አንድ ዓመቴ የኦክን ቅርፊት ከሜፕል ቅርፊት ለይቼ አውቅ ነበር። ለማወቅ ፈልጌ ግን አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በጎረቤታችን በጄሪ ነው። ጄሪ ጡረታ የወጣ በያጅ ነበር። በጋ ላይ በግቢው ሥጋ በጭስ ሲያበስል ሽታው አጥሩን አልፎ ይመጣና አባዬን ከሶፋው ያስነሣዋል። ና ብላ ሲለው አሳማ እንደማንበላ፣ ሥጋውም ሐላል መሆን እንዳለበት አባዬ በእኔ አስተርጓሚነት አስረዳው። በሳምንቱ ጄሪ ከአዲስ በርሜል የሥጋ ማጨሻ ሠርቶ፣ አሳማ ነክቶት አያውቅም ብሎ በእኛ በኩል አቆመልን። አባዬ በጣም ተነካ። በአረፋ ከምናርደው በግ የጎረቤት ድርሻው የእሱ እንደሆነ፣ በዚሁ በርሜል በስሎ እንደሚቀርብለት በሰው ፊት ቃል ገባ።

ጄሪ አሠራሩንም አስተምሮናል። እንጨቱ ደረቅ ይሁን፤ ኦክ ወይም የፖም ዛፍ ጥሩ ነው፤ ጥድ ሙጫ ስላለው አይሆንም። የአየር ቀዳዳዎቹ ከታችም ከላይም ክፍት ይሁኑ፣ ጭሱ ቀጭን፣ በዓይን እንኳ በደንብ የማይታይ መሆን አለበት። እያንዳንዷን ቃል ተረጎምኩ። አባዬ አመሰግናለሁ በይው ካለኝ በኋላ ወደ ቤት ስንገባ፣ «ደግ ሰው ነው፤ ግን ጭስ ለወሎ ሰው ይነገራል እንዴ?» አለኝ። እሱ ያደገው የወተት ቅል በወይራ በሚታጠንበት ቤት ነው። እንጨቱ ይለኮሳል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ ቅሉ በጭሱ ላይ ይደፋል። ጭሱ ወፍራም ካልሆነና ካልታፈነ ወተቱ አይጣፍጥም።

ሦስት ወር እንጨት መረጠ። ግንዱን በጥፍሩ ይፍቀዋል፣ ያሸተዋል፣ ይባስ ብሎ በጥርሱ ነከስ ያደርገዋል። ይሄኛው ውሃ ይዟል፣ ያኛው አርጅቷል፣ ያ ደግሞ ሽታ የለውም። አንድ ቀን ስኔሊንግ አቨኒው ላይ፣ ከኋላችን መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ፣ መሐል መንገድ ቆሞ አንድ ቅርንጫፍ ሊያይ ወረደ። እኔ ከወንበሬ ሥር ገባሁ። እንጨቱን ለምን ከሱቅ አንገዛም ስለው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይለኛል። የመኪናው የዕቃ መጫኛ እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ሳይቀር ቅርፊት ይገኛል።

በመጨረሻ አባዬ የኤርፖርት አውቶቡስ ከሚነዳበት ሰፈር፣ ከብሉሚንግተን፣ አንዲት አሮጊት ያስቆረጡትን የፖም ዛፍ ጭኖ መጣ። ቅርፊቱን በቢላ ላጠ፣ በመጥረቢያ ክንድ ክንድ አሳክሎ ፈለጠ፣ ማሞቂያው ያለበት ክፍል ውስጥ ደረደረ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና እሱ እናገላብጠዋለን። እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ «እኔን ስታገባ እንኳ እንዲህ አልመረጥክም» ትለዋለች። እሱ ያገላብጣል።

አረፋ ያን ዓመት በበረዶ ጊዜ ዋለ። ከስግደት መልስ በጉ ከከተማ ውጭ ካለ እርሻ ታርዶ መጣ፣ የዘመዱም የችግረኛውም ድርሻ ወጣ። የጄሪ ድርሻ የሆነው ወርችና ታፋ በርሜሉ ውስጥ ገባ። እንጨቱ ያለ ነቀፋ ነደደ። ከዚያ አባዬ የአየር ቀዳዳዎቹን ጭላንጭል ብቻ አስቀርቶ ዘጋቸው። እማዬም ጭሱ እንዳይባክን ብላ በክዳኑ ዙሪያ እርጥብ ጨርቅ ጠቀጠቀች። ጭሱ ቢጫ ሆነ። ጄሪ ክፈቱ ብሏል አልኳቸው። ደግሜ አልኳቸው። አባዬ ቅል አጥነሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ወደ ማታ ሲከፈት ሥጋው የድስት ቂጥ መስሏል። እማዬ ከጫፉ ቀመሰችና ዞር ብላ መዳፏ ላይ ተፋችው። የአረፋ ሥጋ አይጣልም፤ ሌላ የሚሰጥ ደግሞ አልቀረም። ጄሪ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በበረዶው ላይ እየመጣ ነበር።

ቆረሰ። ብዙ አኘከ። ከዚያ በርሜሉን አየና ወደ እኔ ዞሮ አባትሽ ቀዳዳዎቹን ዘግቷቸው ነበር ወይ አለኝ።

«ምን አለ?» አለ አባዬ።

ይህን ጥያቄ ወራት ሙሉ ጠብቄዋለሁ። ሳላለሳልስ ተረጎምኩለት። አባዬ በረዶውን አየ።

«ለቅል እንደዚያ ነው የሚደረገው በይው» አለኝ ቀስ ብሎ።

ቅል ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚታጠን፣ በዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንግሊዝኛ አስረዳሁ። ጄሪ በጥሞና ሰማኝና ከታጠነ በኋላ ቅሉን ምን ታደርጉታላችሁ አለ። አባዬ ውስጡን ጠርገን ነው ወተት የምናደርግበት አለ። ጄሪ ራሱን ነቀነቀ፣ ቢላ አንሥቶ ጥቁሩን ከዳር እስከ ዳር ላጠው። ሥሩ ቀይ፣ ለስላሳ ሥጋ ነበር። ሁላችንም ቆመን በላን፤ የተረፈውን ጄሪ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ከመሄዱ በፊት እንጨቱ ግን ግሩም ነው፣ ከየት አገኘው አለኝ።

ይህንንም መተርጎም ግዴታዬ ነበር። አባዬ ወገቡን አቃና። «ሰማሽ?» አለኝ።

ጄሪ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ዛሬ የራሴ ግቢ አለኝ፤ እንጨቱ ደርቆ፣ ተፈልጦ በከረጢት ይመጣልኛል፤ ቅዳሜዬም የራሴ ነው። አባዬ ከጎረቤት ጋር ሲያወራ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ባለፈው በጋ አጥሬ ጋ ቆሞ ለጎረቤቴ ቀዳዳው ክፍት፣ ጭሱ ቀጭን መሆን እንዳለበት ሲያስተምር፣ እንዲያውም ወሎ ውስጥ ከጥንት የሚታወቅ ጥበብ ነው ሲለው ሰማሁ። የእኔ ሥራ ማን ምን እንዳለ ማጣራት ነው። ላርመው ሳህኔን አስቀምጬ ተጠጋሁ።

አባዬ አየኝና ቀደመኝ። «ውሸቴን ነው» አለው በእንግሊዝኛ። «ጄሪ የሚባል ጎረቤት ነበረኝ። እሱ ያለውን ይቺ ልጄ በትክክል ነግራኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማኋት።»

ይህን በአማርኛ ግን እስከ ዛሬ አላለኝም።