ሌይቴ ላይ የሰጠመችው ያማቶ አይደለችም!

«በሩ በዚያ ነው» አሉኝ ዛሬ ሽማግሌው!

ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል አጠገብ ባለችው የሞዴል መርከብ ሱቅ የጃፓን ጦር ታሪክ ኩዊዝ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ያማቶ የምትባለው የጦር መርከብ ሌይቴ የባሕር ውጊያ ላይ ሰጠመች ላለ ሰውዬ ፖይንት ሲሰጡት ብድግ ብዬ «ይቅርታ፣ እዚያ የሰጠመችው እህት መርከቧ ሙሳሺ ናት» አልኩ።

ስነሳ ተናድጄ የምወጣ መስሏቸው ነው በሩን ያሳዩኝ። እኔ ግን ውጭ አገር፣ ካልጋሪ ብወለድም፣ ለትልቅ ሰው ተቀምጦ መልስ አይሰጥም ተብዬ ነው ያደግኩት። (ያሳደገችኝ እናቴ የቤቱን ስልክ መስመር ለኢንተርኔት ስለያዝኩባት አሁን እየጮኸችብኝ ነው።)

«አልወጣም፤ የኩዊዙን መጽሐፍ ይክፈቱ» አልኳቸው።

ገልጠው አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱና፣ ቆመው «ሙሳሺ» አሉ።

እናንተስ፣ በሩን ሲያሳዩአችሁ ወጣችሁ ወይስ ቆማችሁ?